ጎታችና ተጎታች በጋምቤላ፤ ከባሮ መርከቦች እስከ ዛሬዋ ትንሽ ተሳቢ

የአገራችን ገበሬ ሁለት በሬ ጠምዶ ሲያርስ የተመልካች ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በበሬዎቹ ጫንቃ ላይ ነው። ጉልበቱ ከዚያ ስለሚመነጭ አድናቆቱም እዚያው ይቀራል። ገበሬው ግን ማለዳ ወደ እርሻው ሲወጣ የሚመረምረው በሬዎቹን ብቻ አይደለም፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረውን ጠፍር፣ ምራኑን ጭምር ነው። ምራኑ ከላላ ማረሻው ይዋልላል፤ ከተበጠሰም የበሬዎቹ ብርታት ለሥራ ሳይሆን ለጥፋት ይውላል። ስለ መጎተት ሥራ ሊባል የሚገባው ዋናው ነገር በዚህ በቆዳ ጠፍር ውስጥ የተጠቃለለ ይመስለኛል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማኅበራችን አባላት ለማቅረብ የምሞክረው አንድ አነስተኛ ተሳቢን በደኅና ለመጎተት የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች እንዴት እንደሚመረጡ ነው። ጉዳዩን በሠንጠረዥና በቀመር ብቻ ማቅረብ ይቻል ነበር። ነገር ግን በሥራ ምክንያት የማውቃት የጋምቤላ ከተማና አካባቢዋ፣ የመጎተትን ጥበብ በታሪኳ ውስጥ ይዛ ስለምትገኝ፣ በታሪኩ በኩል አልፎ ወደ ቴክኒኩ መድረስ የተሻለ መስሎ ታይቶኛል። ጋምቤላ እንደ ንግድ ከተማ የተመሠረተችው በሚጎተት ጭነት ነውና።

የወንዙ ዘመን

እንደሚታወቀው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) በዳግማዊ አጼ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት ወኪል በጆን ሌን ሃሪንግተን አማካይነት በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል በዋናነት የሚመለከተው የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ነበር። በዚሁ ውል አራተኛ አንቀጽ፣ በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ የቆዳ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ሲሆን፣ ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ዓላማ እንዳይውል ተወስኖ ነበር። ይሁን እንጂ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1904 የተቋቋመው በኢታንግ ሳይሆን ከዚያ በላይ ወደ ምሥራቅ፣ መርከብ ሊደርስበት ከሚችለው የወንዙ ጫፍ አጠገብ፣ በጋምቤላ ነው።

የቦታው ምርጫ በራሱ የምሕንድስና ውሳኔ ነበር። ከጋምቤላ በስተምሥራቅ ምድሩ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ ደጋ ይወጣል፤ ወንዙም ድንጋያማና ፈጣን ይሆናል። ከጋምቤላ በስተምዕራብ ግን ባሮ በሜዳው ላይ እየተጠማዘዘ ወርዶ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ተብሎ፣ ከማላካል በላይ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ጋምቤላ የጀርባ ጭነት የሚያበቃባትና የውሃ ጭነት የሚጀምርባት ቦታ ሆነች። ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ የወረደው ቡና፣ ቆዳና ሰም እዚያ ይራገፋል፤ ከካርቱም የመጣው ጨውና የጥጥ ጨርቅ እዚያ ይጫናል። ከካርቱም እስከ ጋምቤላ ያለው የወንዝ ጉዞ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ሊዘነጋ የማይገባው፣ ይህ ሁሉ ሥራ የሚከናወነው ባሮ በሚሞላባቸው ወራት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ መሆኑ ነው። በበጋ ወንዙ ይጎድላል፤ አሸዋው ይገለጣል። በወራቱ መጨረሻ የዘገየ መርከብ በአሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት ሊጠብቅ ይችል ነበር። ስለሆነም በአጭር ጊዜ ብዙ ጭነት ማንሳት ግድ ሆነ። ትልቅ መርከብ መሥራት ደግሞ አያዋጣም፤ መርከቡ በገዘፈ ቁጥር ወደ ውሃው ጠልቆ ይቀመጣልና በጥልቀት በማያስተማምነው በባሮ ላይ አይሄድም። መፍትሔው ታችኛው ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ በእንፋሎት ኃይል መቅዘፊያ ጎማውን እያሽከረከረ የሚሄድ መርከብ፣ ሞተር የሌላቸውን የጭነት ጀልባዎች ይዞ እንዲጓዝ ማድረግ ነበር። ኃይሉ በአንዱ፣ ጭነቱ በሌሎቹ ሆነ። ዛሬ በመንገድ ላይ ጎታችና ተሳቢ የምንለው አከፋፈል በባሮ ላይ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ከኋላ መጎተት ወይስ በጎን ማሰር?

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስለ መጎተት ስናስብ በአእምሯችን የሚቀረጸው ፊት የሚሄድ ጎታችና በገመድ ተይዞ ከኋላው የሚከተል ተጎታች ነው። በናይል ወንዞች ላይ የሠሩት የሱዳን መርከቦች ግን የጭነት ጀልባዎቹን በአብዛኛው ከኋላ በገመድ አልጎተቱም። ከመርከቡ ግራና ቀኝ አጥብቀው አሰሯቸው፤ አንዳንዱንም ከፊት አድርገው ገፉት። ለምን?

ምክንያቱ ከመካኒክስ ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። በላላ ገመድ የተያዘ ተጎታች መሳብን እንጂ መገፋትን አይቀበልም። ገመድ በመወጠር ይሠራል፤ በመጨመቅ ግን አይሠራም። መርከቡ ወደ ላይ፣ ማለትም ከወንዙ ፍሰት ጋር እየታገለ ሲጓዝ ገመዱ የተወጠረ ስለሆነ ችግሩ አይታይም። ወደ ታች ሲመለስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መርከቡ ፍጥነቱን ሲቀንስ ጀልባው በወንዙ ጉልበት እየተገፋ ይመጣል፤ ገመዱ ይላላል፤ ጀልባውም ወይ የመርከቡን ጀርባ ይመታል፣ ወይ ወደ ጎን ዞሮ በጠመዝማዛው ላይ ከዳር ይጋጫል። መቅዘፊያው ከኋላ በሆነ መርከብ ላይ ደግሞ የላላው ገመድ በመቅዘፊያው ሊጠመጠም ይችላል። በጎን ሲታሰር ግን መርከቡና ጀልባዎቹ እንደ አንድ አካል ይሆናሉ፤ አብረው ይዞራሉ፤ አብረው ይቆማሉ።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመጎተት አስቸጋሪው ክፍል መሳቡ ሳይሆን ማቆሙ ነው። ሁለተኛ፣ አደጋው የሚመጣው ጉልበት በሚጠይቀው ዳገት ላይ ሳይሆን፣ ሥራው የቀለለ በሚመስልበት ቁልቁለት ላይ ነው። ሦስተኛ፣ የሁሉም ማሰሪያ የመገናኛው ዓይነትና ጥብቀት ነው። እነዚህ ሦስቱ በመንገድ ላይ ላለችው ትንሽ ተሳቢም ሳይለወጡ ይሠራሉ።

ከውሃ ወደ መንገድ

ሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት በገባች ጊዜ የጋምቤላ ጣቢያ የጦርነቱ አካል ሆነ፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከኢጣሊያኖች እጅ ወጣ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ በወጣች ጊዜ በውሉ መሠረት የኪራዩ ምክንያት ስላበቃ፣ ጣቢያው በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የወንዙም ንግድ ከዚያ ወዲህ የቀድሞ ሥፍራውን አላገኘም። በአንጻሩ የመንገድ ሥራ እየተስፋፋ ሄደ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶቻችን በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ሲመሩ፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በስፋት የታየው ከባድ መኪና የሩቅ አገር ጭነት ዋና ተሸካሚ እየሆነ መጣ።

ይህ ታሪክ በጋራዦቻችን ቋንቋ ውስጥ ታትሞ ቀርቷል። ፍሬን፣ ጎማ፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ጋንቾ የምንላቸው ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ኢጣሊያኖች ተሳቢውን ሪሞርኪዮ ይሉታል። የዚህ ቃል ሥር ሲመረመር የመንገድ ቃል ሆኖ አይገኝም፤ በላቲን የመርከብ መጎተቻ ገመድ ማለት ከሆነ ቃል የወጣ ነው። እንግዲህ ከውሃ ወደ መንገድ የተሻገረው ጭነቱ ብቻ ሳይሆን ቃሉም ጭምር ነው ማለት ይቻላል። እኛም ተሳቢ ብለን ከራሳችን ግሥ ያወጣነው ስም ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል፤ በራሱ የማይሄድ፣ በሌላው ፈቃድ የሚሳብ።

በመላው አገሪቱ ኤንትሬ እየተባለ የሚታወቀው ፊያት 682 ተሳቢውን አስከትሎ በሚጓዝበት ዘመን ያደጉ አሽከርካሪዎች የተሳቢን ጠባይ በመጽሐፍ ሳይሆን በመንገድ ተምረዋል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአቦቦ የአልዌሮ ግድብ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ሲሠራ ከባድ የግንባታ ጭነት ወደ ጋምቤላ ሜዳ ወርዷል። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በደቡብ ሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት እጅግ ብዙ ስደተኞች ወደ ክልሉ ሲገቡ፣ በፓጋክና በሌሎች መግቢያዎች የተቀበሏቸው ሠራተኞች ውሃ፣ መብራትና ማደሪያ ይዘው መጓዝ ነበረባቸው። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሌይቹዎር መጠለያ ጣቢያ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ስደተኞቹ በኋላ ወደ ሌላ ቦታ መዛወራቸው፣ በዚህ ሜዳ ላይ በቀላሉ ሊነሣ የሚችል መሣሪያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። ዛሬ በጋምቤላ መንገዶች ላይ በፒክአፕና በላንድ ክሩዘር የሚሳቡት የውሃ ታንከር፣ ጄኔሬተርና ትንሽ ማደሪያ የባሮ ጀልባዎች ወራሾች ናቸው።

አንድ የራሴ ስሕተት

ስለ ሌሎች ታሪክ የጻፈ ሰው ስለ ራሱም መናገር ይገባዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር አንድ ቡድን ከአዲስ አበባ ወደ አቦቦ ሲላክ፣ የትራንስፖርቱን ዝግጅት የመራሁትና በሰነዱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነበርኩ። ሁለት ሰው የምታስተኛ፣ በአንድ ዘንግ ላይ የቆመች፣ በግንባታ ሠራተኞች ዘንድ ካራቫን የምትባል ትንሽ ተጎታች ማደሪያ ነበረችን። ክብደቷ ከነዕቃዋ 900 ኪሎ ግራም ሲሆን የራሷ ፍሬን አልነበራትም። በመያያዣው ኳስ ላይ የሚያርፈው ክብደት በሚዛን ሲታይ 80 ኪሎ ነበር። ይህ ከጠቅላላው 9 በመቶ ገደማ በመሆኑ ሳስበው በቂ መስሎኝ ነበር።

የፒክአፑን መያያዣ ኳስ ከገበያ ያስገዛሁት በዓይን ገምቼ ነው። የተሳቢዋ ቆብ ለ50.8 ሚሊ ሜትር ኳስ የተሠራ ሲሆን የተገዛው ኳስ 47.6 ሚሊ ሜትር ነበር። የሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ለዓይን አይታይም፤ ቆቡም ገጥሞ ተቆልፏል። መኪናውን የሚነዱት፣ በወጣትነታቸው ኤንትሬ ከነተሳቢው የነዱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከመነሣታችን በፊት መያያዣውን በእጃቸው ወዝውዘው፣ «ኢንጂነር፣ ይቺ ትንሽ ትጫወታለች» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ ተቆልፏል እኮ» ብዬ መለስኩላቸው። እሳቸው አልተከራከሩኝም። ነገር ግን ከመሣሪያ ሳጥናቸው ሁለት ሰንሰለት አውጥተው፣ ከመጎተቻው ዘንግ በታች አመሳቅለው ከፒክአፑ ሻንሲ ጋር አሰሩ። በልቤ የድሮ ሰው ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት።

በጅማ፣ በበደሌና በመቱ በኩል እስከ ጎሬ ያለ እንከን ደረስን። ይህ የ600 ኪሎ ሜትር ሰላማዊ ጉዞ ከማንኛውም ስሕተት ይበልጥ አሳሳተኝ። በጎሬ፣ ወደ ቆላው ከመውረዳችን በፊት ንጹሕ ውሃ እንያዝ ብዬ በተሳቢዋ ጀርባ የነበረውን 200 ሊትር በርሜል አስሞላሁ። ሁለት የቡድኑ ባለሙያዎች ደክሟቸው ስለነበር በካራቫኗ ውስጥ ተኝተው ለመጓዝ ጠየቁ። ሽማግሌው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ተሳቢ ውስጥ ሰው አይሳፈርም። መሪ የለው፣ ፍሬን የለው» አሉ። ልጆቹም ቅር እያላቸው ወደ ጋቢና ገቡ።

ከቡሬ አልፈን ቁልቁለቱን እንደያዝን ተሳቢዋ ግራና ቀኝ ትወዛወዝ ጀመር። ማወዛወዙ በእያንዳንዱ ዙር እየሰፋ ሄደ። ከዚያ በአንድ የመንገድ ጉብታ ላይ ከባድ ድምፅ ተሰማ፤ ቆቡ ከኳሱ ዘሎ ወጣ። ሽማግሌው ፍሬን አልረገጡም፤ መሪውንም አላጠመዘዙም። ነዳጁን ለቀው፣ ማርሽ ቀንሰው፣ በሞተሩ ጉልበት ቀስ እያሉ አቆሙ። የመጎተቻው ዘንግ ምድር አልነካም፤ በተመሳቀሉት ሰንሰለቶች ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሞ ነበር። በስተቀኛችን ያለው ገደል ከመንገዱ ጠርዝ አራት እርምጃ አይርቅም። ከሁሉ አስቀድሜ የተመለከትኩት በጋቢናው ውስጥ የነበሩትን የሁለቱን ወጣቶች ፊት ነበር።

ያን ዕለት ማታ በወረቀት ላይ ያሰላሁት ነገር ከመነሣቴ በፊት ላሰላው የሚገባኝ ነበር። ከተሳቢዋ ዘንግ እስከ መያያዣው 3 ሜትር ነው። በርሜሉ ያለው ከዘንጉ በስተኋላ በ1.20 ሜትር ላይ ነው። 200 ኪሎ በ1.20 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 80 ኪሎ ይሆናል። በኳሱ ላይ የነበረው ክብደት 80 ኪሎ፣ ውሃው ያነሣው 80 ኪሎ፤ ውጤቱ ዜሮ ነው። ተሳቢዋ በዘንጓ ላይ እንደ ሚዛን ተንጠልጥላ፣ በሰፊ ቆብ ትንሽ ኳስ ይዛ ቁልቁለት ወረደች ማለት ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ ትክክለኛው ኳስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣልን ድረስ ተሳቢዋን በቡሬ በጥበቃ ትተን በድንኳን አደርን። የአቦቦ ቁፋሮ የዘገየበት ምክንያት በሪፖርቱ ላይ «የመገናኛ ብልሽት» ተብሎ ተጽፏል። እውነተኛው ምክንያት ግን መሐንዲሱ አለመመዘኑ ነበር።

የምርጫው ሥርዓት

ከዚህ ተነሥቼ፣ ለመስክ ሥራ ትንሽ ተሳቢ የሚያዘጋጅ ባልደረባ ሊከተለው ይገባል የምለውን ቅደም ተከተል እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ተሳቢው ይመዘን። በወረቀት የተጻፈው ክብደት የባዶው ነው፤ በመንገድ የሚሄደው ግን ውሃ፣ ነዳጅ፣ መሣሪያና አልጋ የተጫነበት ነው። ጎታቹ የሚመረጠው ከዚህ ሙሉ ክብደት ተነሥቶ፣ የመኪናው ፋብሪካ የወሰነውን የመጎተት አቅምና የሁለቱን ድምር ክብደት በማመሳከር ነው። የፈረስ ጉልበት ብቻውን መስፈርት አይሆንም። ጎታቹ ከተጎታቹ ከባድ፣ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት ረዘም ያለ፣ ከኋላ ጎማው እስከ መያያዣው ያለው ግን አጠር ያለ ቢሆን ይመረጣል። ከኋላ የሚተርፈው ክፍል በረዘመ መጠን ተሳቢው የመኪናውን ጀርባ ለማወዛወዝ የሚጠቀምበት ዘንግ ይረዝማልና።

ሁለተኛ፣ በመያያዣው ላይ የሚያርፈው ክብደት ይታወቅ። በአሜሪካ ልማድ ባለ አንድ ዘንግ ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በኳሱ ላይ እንዲያሳርፍ ይመከራል፤ በአውሮፓ ቀለል ያለ መጠን ይያዛል። የትኛውንም ብንከተል ጎታቹና መያያዣው ከሚፈቅዱት ወሰን ማለፍ አይገባም። ከባድ ዕቃ ከዘንጉ በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት ይቀመጣል፤ ወደ ጅራት ፈጽሞ አይጫንም። ጭነቱ በመንገድ ላይ ከተለወጠ፣ ለምሳሌ ውሃ ከተቀዳ ወይም ከተቀነሰ፣ ሒሳቡም እንደገና መሠራት አለበት።

ሦስተኛ፣ ኳሱና ቆቡ በቁጥር ይመሳከሩ። በዓለም ላይ በብዛት የሚገኙት የኳስ መጠኖች የአውሮፓው 50 ሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካዎቹም 47.6፣ 50.8 እና 58.7 ሚሊ ሜትር ናቸው። ወደ አገራችን ከሁሉም አቅጣጫ መኪናና ተሳቢ ስለሚገባ ልዩ ልዩ መጠኖች በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ። ልዩነቱ በካሊበር እንጂ በዓይን አይለይም። መንገዱ እጅግ ከተጎሳቆለ በኳስ ፋንታ የጦር ሠራዊት መኪናዎች የሚጠቀሙበት ቀለበትና ጋንቾ የተሻለ ነው፤ ጩኸቱና መንገጫገጩ ቢበዛም ጎታቹና ተሳቢው በተለያየ አቅጣጫ ሲያጋድሉ መያያዣው አይታነቅም።

አራተኛ፣ ማን ምን እንደሚያቆም ይወሰን። በአውሮፓ ደንብ ከ750 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ምክንያቱን በትንሽ ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። አንድ ቶን የሚመዝን ተሳቢ 500 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 4.9 ሚሊዮን ጁል ኃይል ይለቃል። ይህ ሁሉ ወደ ጎታቹ ፍሬን ብረት ቢገባና ብረቱ 25 ኪሎ ቢመዝን፣ ሙቀቱ ከ400 ዲግሪ በላይ በጨመረ ነበር። እርግጥ ከፊሉን ጎማው፣ ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል፤ ብረቱም እግረ መንገዱን ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ጎሬ በ2,000 ሜትር ገደማ፣ ጋምቤላ ደግሞ በ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደሚገኙ ስናስብ፣ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። ስለዚህ ተሳቢው በራሱ ፍሬን፣ ጎታቹም በዝቅተኛ ማርሽ ሊወርዱ ይገባል።

አምስተኛ፣ ሰንሰለት ይኑር፤ ከዘንጉ በታች ተመሳቅሎ ይታሰር። ርዝመቱ ጥምዝ ላይ እንዳይወጠር የሚበቃ፣ ምድር ላይ ግን የማይጎተት ይሁን። ፍሬን ላለው ተሳቢ ደግሞ ከጎታቹ ቢለይ ፍሬኑን ራሱ የሚያስይዝ ሽቦ ይጨመርበት።

ስድስተኛ፣ አገሩ ይታሰብ። የጋምቤላ ሙቀት በበጋ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ የአየር ግፊቱ የጎደለ ጎማ በዚህ ሙቀት በቶሎ ይጋላል፤ ይፈነዳልም። የተሳቢው ጎማና ቸርኬ ከጎታቹ ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን አንዱ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ያገለግላል። ጎርፍ አቋርጦ የወጣ ተሳቢ ኩሽኔታው መከፈትና ግራሶ መለወጥ አለበት፤ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ በድንገት ቀዝቅዞ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባልና። የመብራቱም ሶኬት እርጥበትና ዝገት ስለሚያጠቃው በየጉዞው ይፈተን።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ተሳቢው ቢወዛወዝ ምን እንደሚደረግ አሽከርካሪው አስቀድሞ ይወቅ። ነዳጅ መልቀቅ፣ መሪን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የተሳቢው ፍሬን ለብቻው የሚያዝ ከሆነ እሱን ቀስ አድርጎ መጠቀም ነው። ማፍጠንም ሆነ መሪን ወዲያና ወዲህ ማጠማዘዝ መወዛወዙን ያብሰዋል። በተሳቢም ውስጥ ሰው አይሳፈርም፤ ይህ ደንብ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

መደምደሚያ

የባሮ መርከበኞች ከትልቁ ጥበባቸው አንዱ መቼ እንደማይጎተት ማወቃቸው ነበር። ወንዙ መጉደል ሲጀምር፣ በጋምቤላ ዳር ያልተጫነ ቡና ቢቀርም እንኳ መርከቡን አዙረው ይመለሱ ነበር። ለነጋዴው ኪሣራ ይመስላል፤ መርከቡ ግን ለሚቀጥለው ክረምት ይተርፋል። እኛም በክረምት ጥቁሩ የጋምቤላ አፈር እንደ ማጣበቂያ ሲሆን ተሳቢውን ፈትቶ በከተማ መተው፣ ወይም ያልተመዘነ ጭነት አልፈርምም ማለት የሙያችን አካል መሆኑን ልንቀበል ይገባል።

ዛሬ ከጋምቤላ ድልድይ ላይ ቆሞ ባሮን ቁልቁል የሚመለከት ሰው የእንፋሎት መርከብ አያይም። ድልድዩን የሚሻገሩት መኪናዎች ግን ከኋላቸው የሚያስከትሉትን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ሞተሩ ሳይሆን ወደ መያያዣው ይሄዳል። ሽማግሌው አሽከርካሪ በጡረታ ከሥራ ሲሰናበቱ ሰንሰለቶቻቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። በቢሮዬ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀሉ የጠየቁኝ ባልደረቦች ነበሩ። እኔ ግን በሚቀጥለው ተሳቢ ላይ አሰርኳቸው፤ ቦታቸው እዚያ ነውና።